ማኩዌይ በቀጥታ ስርጭት

«በሬው አይገባም አልኩህ!»

ዘበኛው ሳንቲኖ ዱላውን አግድም ይዞ የሬዲዮ ጣቢያውን በር እንደ ግብ ጠባቂ ዘግቶታል። ፊት ለፊቱ ፊቱንና ደረቱን በአመድ ያነጣ ረጅም ወጣት ገመድ ጨብጦ ቆሟል። ከወጣቱ ኋላ ደግሞ የጭቅጭቁ ባለጉዳይ፣ በሬው፣ ነገሩ እንደማይመለከተው ሁሉ ያመሰኳል።

«እሱ ካልገባ እኔም አልገባም» አለ ወጣቱ።

«ማስታወቂያውን አታነብም?»

«ማንበብ አልችልም።»

«እኔም አልችልም፤ ግን ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል።»

«እና በሬ ጠመንጃ ነው?»

ሳንቲኖ ዞር ብሎ ቆርቆሮውን አየው። የተሳለው ጠመንጃ በቀይ ቀለም ተሰርዟል፤ በተሰቀለ ሰሞን ደግሞ አንድ ቀልደኛ በጥይት መሃሉን በስቶታል። ስለ ከብት ግን የሚል ነገር የለበትም።

«ያልተጻፈው በሬ ይዞ ሬዲዮ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስለሌለ ነው» አለ በመጨረሻ።

አሉዌል ማንጋር ጭቅጭቁን ሰምታ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከስቱዲዮ ወጣች። በ‹ፓንኮር ድምፅ› ሬዲዮ የሐሙስ ከሰዓት የዘፈን ፕሮግራም አዘጋጅ፣ ቀራጭ፣ አቅራቢ፣ ሲቸግርም የሶላሩን ባትሪ ውሃ ሞይ እሷው ናት።

«ማጃክ! የቲዮንግ ልጅ! መጣህ?»

«መጣሁ እህቴ። ይሄ ሰውዬ ግን ማኩዌይን ሰደበብኝ።»

«አልሰደብኩትም! አይገባም ነው ያልኩት።»

«ለማኩዌይ ከዚህ በላይ ስድብ አለ?»

አሉዌል ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ በሬው ላይ ቀረ። ባለፈው ወር ረግረጉን በታንኳ ተሻግራ የከብት ሰፈሩ ድረስ ሄዳ ዘፈኑን ስትቀርጽ በሬው ግጦሽ ወርዶ ነበርና አላየችውም። አሁን አየችው። ሰውነቱ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ራሱ ግን እስከ አንገቱ ነጭ። ግራ ቀንዱ ወደ ታች ታጥፎ ጫፉ ጉንጩን ሊነካ ደርሷል፤ ቀኙ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ቀንድ በራሱ አይበቅልም። በሬው ጥጃ ሳለ ባለቤቱ ቀንዱን በቢላዋ እየቀረጸ፣ ቁስሉን እየጠበቀ፣ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ለዓመታት ያሳድገዋል። በዲንካ ምድር ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቀንድ አይሠራም። ሰው የራሱን ጆሮ ሊረሳ ይችል ይሆናል፤ ያሳደገውን ቀንድ ግን አይረሳም።

«ዘፈንህ አላጋነነም» አለችው።

«እኔ መቼ አጋንኜ አውቃለሁ?» አለ ማጃክ፣ ጥርሱን እያሳየ።

የጣቢያው ዳይሬክተር ሳይመን አቴም ስልኩን ከፊት አስቀድሞ፣ ፎቶ እያነሳ ከቢሮው ወጣ። «እንዳትንቀሳቀሱ! በሬው ወደዚህ ይዙርልኝ። ሳንቲኖ፣ አንተ ከፎቶው ውጣ። ድንቅ! ‹ባህል በአየር ላይ› ብዬ ነው የምልከው።» ሳይመን ናይሮቢ ተምሮ የመጣ፣ አገሩን ያጥለቀለቀ ጎርፍ እንኳ ሸሚዙን ከሱሪው ያላወጣበት ሰው ነው። ለረጂ ድርጅቶቹ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ይልካል፤ በየሪፖርቱም ላይ ‹የአድማጭ ተሳትፎ› የምትል ሳጥን አለች። ያቺን ሳጥን የሚሞላት አጥቶ ሲጨነቅ ነው የማጃክ ዘፈን የደረሰለት። ዘፈኑ ከተላለፈ ወዲህ ሰው ይድገሙልን እያለ ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ሳይመን ወዲያው ዘፋኙ ሐሙስ በአካል መጥቶ በቀጥታ ስርጭት እንደሚዘፍን በየዜናው ማብቂያ እንዲነገር አደረገ። ማስታወቂያውን ያነበበችው አሉዌል ነበረች።

በመጨረሻ ተስማሙ። በሬው ከአጥሩ ውጭ፣ በስቱዲዮው መስኮት ፊት ለፊት ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይታሰራል። ማጃክ በመስታወቱ እያየው ይዘፍናል። እንግዲህ እዚህ አገር ወንድ ልጅ ስለ በሬው አይዘፍንም፤ ለበሬው ነው የሚዘፍነው። ዘፈን የሚያወጣለትም፣ ስሙን የሚሰጠውም፣ ልጃገረዶች የሚያዩለትም በሬው ነው። በሬ የሌለው ወንድ ጥላ እንደሌለው ሰው ነው የሚቆጠረው፤ ይኖራል፣ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ሳይመን ማጃክን በትከሻው ይዞ ወደ ውስጥ ሲያስገባው አሉዌል በትንሿ መቅረጸ ድምፅ የበሬውን ቃጭል ልትቀዳ ወደ ኋላ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። ልጅ ሳለች ከጦርነት ሸሽታ ባደገችበት የኬንያ የስደተኞች ጣቢያ፣ አንድ ፈረንጅ ከረጅም ጊዜ በፊት ቀርጾት የሄደ ካሴት ሰምታ ነበር። ድምፁ የገዛ አያቷን ድምፅ ይመስል ነበር፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈው ግን ‹አንድ የዲንካ ሰው በሬ ሲያወድስ› ነው። አንድ የዲንካ ሰው! እናቱ ስም እንዳላወጣችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሷ እጅ የሚወጣ ዘፈን ሁሉ የዘፋኙ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የጎሳውና የሰፈሩ ስም ይነገርለታል። ሳል ቢኖርበት ከነሳሉ፣ ስድብ ቢኖርበት ከነስድቡ ይተላለፋል። አንድ ቃል ቆርጣ፣ አንድ ቃል ጨምራ አታውቅም። በዚህ የተነሳ ሁለት ጎሳዎች በአንድ የጥንት ዘፈን ባለቤትነት ሲካሰሱ የሽማግሌዎች ችሎት የእሷን ቅጂ አስቀርቦ ሰምቶ ነው የፈረደው። ጁባ ያለ ዩኒቨርሲቲም ስብስቧን እንዳለ ሊረከብ ጠይቋታል።

ቃጭሉን እየቀዳች ሳለ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ከሁለት ጎረምሶች ጋር ተቀምጠው አይታቸዋለች። የሞት ወይም የጠፋ ከብት ማስታወቂያ ሊያስነግሩ የመጡ መስለዋት ነበር፤ የጣቢያው ደንበኛ ሁሉ ያው ነው።

ሽማግሌው ሰላም አላሏትም። ከንፈራቸውን ሰብስበው አንድ ጊዜ አፏጩ። በሬው ማመስኳቱን አቆመ። ጆሮው ዞረ፤ ከዚያ ከባዱ ራሱ ዞረ፤ ከዚያም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ግንባሩን ወደ ሽማግሌው ደረት አስጠጋ።

«ታውቀኛለህ» አሉት። መዳፋቸውን በግራ ቀንዱ ሥር አሳርፈው በአውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ዳሰሱ። «ይቺን ጠባሳ ታያታለሽ የማንጋር ልጅ? ቢላዋ አምልጦኝ ነው። ልጄ ራሱን ይዞልኝ ነበር፤ ያን ቀን ሳቅ ሳቅ ብሎት በደንብ አልያዘውም። ጮህኩበት። ‹አባዬ፣ በሬውም ይስቅ እንጂ› አለኝ።»

አሉዌል መቅረጸ ድምፁን ዘጋች።

«ከየት ነው የመጡት አባቴ?»

«ከወንዙ ማዶ። ኩላንግ እባላለሁ። ልጄ ማሊት ነው የሚባለው። ሞቱን በሬዲዮ ያነበብሽልን አንቺ ነሽ፤ በዝናቡ ወራት።»

አላስታወሰችም። በዝናቡ ወራት ያነበበችው የሞት ማስታወቂያ ብዙ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ከአየር ሁኔታው ቀድማ ነው የምታነበው። አለማስታወሷ ፊቷ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

«ግድ የለም» አሉ ኩላንግ። «ብዙ ነበሩ።»

«አባቴ…»

«ሌሊት መጡ፤ ከብቱን ነዱት። ልጄ ከማኩዌይ አልለይም ብሎ ተከተላቸው። በማግስቱ ረጅሙ ሣር ውስጥ አገኘነው። ማን እንደሆነ ግን አላወቅንም። ሌሊት ፊት የለውም። ባለፈው ሐሙስ እሳት ዳር ተቀምጠን ሬዲዮ ስንሰማ ቀንዱ መጣ። አንዱ ምድርን ያዳምጣል፣ አንዱ ዝናብን ይጠራል። የእኔ ቀንድ! እኔ ያሳደግኩት እንዲህ አድርጌ አላልኩትም። ልጁ አዋቂ ነው።» በሬውን አከክ አከክ አደረጉት። «ከዚያ ደግሞ ‹ጌታውን በሣሩ ውስጥ አስተኝቼው› አለ። ‹ጠል እንዲያለብሰው ትቼው› አለ።»

«ዘፈን ነው አባቴ። ጎረምሳ በዘፈን የማይለው ነገር የለም።»

«የለም። በሌላ ሬዲዮ ሰምቼው ቢሆን ‹አንድ ነገር አስገቡበት› ብዬ እተኛ ነበር። የአንቺ ግን ሌላ ነው። የማንጋር ልጅ ቃል አትቀንስም፣ ቃል አትጨምርም ይባላል። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ሰፈሩን ተናግሮ፣ በገዛ አፉ ‹እኔ ነኝ› ካለኝ፣ አይ አንተ አይደለህም ልበለው?»

ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሁለቱ ጎረምሶች ያዩዋቸዋል። ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። አንዱ የትንሿን ሬዲዮ አንቴና እያወጣ እያስገባ ይጫወታል።

«የወንድሜ ልጆች ናቸው» አሉ ኩላንግ። «አትፍሪ። አጥርሽን አናልፍም፤ ማስታወቂያውን አይተናል። ይዝፈን። እስኪጠግብ ይዝፈን። ሲወጣ ግን መንገዱ የሁላችንም ነው።» ወደ ሻይ ቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ዞር አሉ። «ሰፈራቸው ረግረጉ ውስጥ ገብቷል፤ ፈልገን አናገኘውም ነበር። እንዲመጣ ስላደረግሽልን ተባረኪ ልጄ።»

ምርቃቱ እግሯን አሰረው። ከዚያ ወደ ሳይመን ቢሮ ሄደች።

ሳይመን ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው ኮምፒውተሩን መዝጋት ነበር፤ ኮምፒውተሩ እንዳይሰማበት ይመስል። ከዚያ ለፖሊስ ደወለና ድምፁን ክፍት አደረገው።

«ምን ተደረገ?» አለ የፖሊስ አዛዡ።

«ገና ምንም አልተደረገም። ሊያደርጉ ነው እየተዘጋጁ ያሉት።»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ሻይ እየጠጡ ነው።»

«ሻይ መጠጣት ወንጀል አይደለም እኮ ሚስተር ሳይመን።»

«ጠመንጃ ይዘዋል!»

«እዚህ አገር ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ካለ እሱን ንገረኝ፤ እሱ ነው የሚያጠራጥረው። መኪናችን ደግሞ ነዳጅ የላትም። አንድ ነገር ሲደረግ ደውሉልን።»

ሳይመን ስልኩን አስቀመጠ። «የግጭት አፈታት ወርክሾፕ ወስደን ነበር አይደል?» አለ በቀስታ።

«ወስደናል።»

«ማኑዋሉ የት ነው?»

«አንተ ነህ የበሩን እግር ያስደገፍክበት።»

ሁለቱም በሩን አዩት። ማኑዋሉ ከሥሩ ተወሽቋል፤ በሩን ደህና አድርጎ ይዞታል።

«ፕሮግራሙን ልሰርዘው አልችልም» አለ ሳይመን። «ጁባ ያሉት ረጂዎቻችን በኢንተርኔት እየሰሙ ነው። እንደዚህ እናድርግ፤ ልጁን በጓሮ አሹልከን በታንኳ እናሳፍረው። አንቺ ደግሞ የድሮውን ቅጂ አሰሚ። ማን ያውቃል?»

«በሬውስ?»

«በሬው ይቅራ! ሰውየው በሬውን አይደል የሚፈልገው?»

ሳይመን ክፉ ሰው አይደለም፤ ናይሮቢ ብዙ ስለቆየ ነው።

ማጃክ ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥ እምቢ ብሎ፣ ማይኩ ፊት ቆሞ በመስኮቱ በሬውን ያያል። አሉዌል በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ ላይ ያለው አመድ አልተንቀሳቀሰም።

«ታንኳው ማኩዌይን ይችላል?»

«አይችልም።»

«እንግዲያው ምን ትነግሪኛለሽ?»

«ይገድሉሃል እኮ ነው የምልህ!»

«በሬዬን ጥዬ ብሮጥስ ምን የተረፈኝ ይመስልሻል? የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ይሄን ሬዲዮ ይሰማል። ‹ማጃክ በጓሮ ሮጠ፣ ማኩዌይ እዚያው ቀረ› የሚል ዘፈን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። አንቺው ትቀርጭዋለሽ ደግሞ።»

እውነቱን ነው። ትቀርጸው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ገድለሃል?»

 በሬውን አየ፣ እግሩን አየ።

«አልገደልኩም። ከብት ነድቻለሁ። የተኮሰው ሌላ ነው፤ የእናቴ እህት ልጅ። ስሙን አትጠይቂኝ። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ተኩሱን ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ስንካፈል ማኩዌይ ለእኔ ደረሰኝ።»

«ታዲያ ዘፈኑ ላይ ‹አስተኝቼው› ያልከው?»

«እና ምን ልበል? ‹የአክስቴ ልጅ አስተኝቶት› ልበል? እንዲህ ያለ ዘፈን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዘፈን ላይ ሁሉም ሰው ‹እኔ› ነው የሚለው።»

አሉዌል ዘፈኑን የቀረጸችበት ከሰዓት ድቅን አለባት። መጀመሪያ ሲዘፍንላት ነፋሱ ማይኩን መታባትና እንዲደግመው ለመነችው። እስኪደግመው ድረስ ልጃገረዶቹ ከወንዝ ተመልሰው ከብበው ቆመው ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ፣ እጆቹ እንደ ቀንድ ወደ ላይ ተዘረጉ፣ መጀመሪያ ያልነበረችው ስንኝም ያኔ መጣች። ስንኟ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋትም። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሣር ውስጥ ሊኖር እንደሚችል አውቃለች። ግን ብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ዘፈን አልሰማችምና፣ ገና ታንኳው ላይ ሳለች ነው የትኛውን ቅጂ እንደምታሰማ የወሰነችው።

«ዛሬ ስትዘፍን ያቺን ስንኝ ተዋት» አለችው። «ከዘፈኑ በፊት ደግሞ ‹እሷ ቀልድ ነበረች፣ ሰው አልገደልኩም› በል። ሽማግሌው ይሰማሉ። ያምኑሃል።»

ማጃክ ሳቀባት፤ ንቀት ሳይሆን እዝነት ያለበት ሳቅ ነው። «‹ዘፈኔ ላይ ዋሽቻለሁ› ልበል? በሬዲዮ? አባቴ እየሰማ?»

«በሕይወት ትኖራለህ።»

«እንደ ማን ሆኜ?» አለ። «ደግሞ እኔ ካልሆንኩ ማነው ይሉኛል። ምን እመልሳለሁ? የአክስቴን ልጅ አሳልፌ ልስጥ? ተይ እህቴ። ማሽንሽን ክፈቺ። ማኩዌይ ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

አመነችው? ግማሹን። ለልጃገረዶች ያጋነነ ልጅ ለእሷም ሊያሳንስ ይችላል። ተኩሱን የሰማው ከፊት ሆኖ ይሁን ከኋላ፣ ወይም ጣቱ እዚያው ቃታው ላይ ሆኖ፣ የሚያውቀው እሱና ሣሩ ብቻ ናቸው። እንዲህ እያሰበች የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር ከፍታ ከመስታወቱ ወዲያኛው በኩል ተቀመጠች። ከማጃክ ትከሻ ባሻገር በስቱዲዮው መስኮት ሻይ ቤቱ ይታያታል። ኩላንግ ትንሿን ሬዲዮ ከጎረምሳው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አድርገዋል።

የፕሮግራሙ መክፈቻ ከበሮ መታ። አሉዌል ማይኳን ከፈተች።

«እንደምን ዋላችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ ከእኛ ጋር ያለው…» ምላሷ ልማዱን ያውቃልና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ጎሳውንና ሰፈሩን ተናገረ። «ማኩዌይም አብሮት መጥቷል» አለችና ማይኩን ከፈተችለት።

ማጃክ ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ግራውን አጠፈው፣ ቀኙን አቀናው።

«ማኩዌዬ፣ ራሱን በወተት ታጥቦ የወጣ፤
አንድ ቀንዱ ምድርን ያዳምጣል፣
አንዱ ዝናብን ይጠራል።
ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ዱካዬን ተከትሎ መጣ…»

ዛሬ ከዚያን ቀን ይበልጥ አማረበት። ድምፁ ውስጥ ያን ቀን ያልነበረ ነገር አለ፤ እየፈራ የሚዘፍን ሰው ድምፅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀርጽ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማችም። ከዚያች ስንኝ በፊት የምትመጣውን ረጅም እስትንፋስ ሲስብ ሰማችውና እጇ ሳታዘው ሄዶ የማይኩን ድምፅ እስከ ታች ሳበው።

ማጃክ ዘፈኑን ቀጠለ። ከመስታወቱ ወዲህ የሚሰማ ነገር የለም፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የአንገቱ ሥር ሲወጣ ብቻ ይታያል። አሉዌል ወደ ራሷ ማይክ ተጠጋች።

«አድማጮቻችን፣ አሉዌል ማንጋር ነኝ» አለች። ድምፁ የሞት ማስታወቂያ የምታነብበት ድምፅ ነበር፤ ሌላ አልመጣላትም። «ባለፈው ሳምንት በዚህ ዘፈን ውስጥ ስለ አንድ ሰው መሞት የምትናገር ስንኝ ሰምታችኋል። ስንኟ የማጃክ አይደለችም። የእኔ ናት። ዘፈኑ ደም ከሌለበት የሚሰማው አያገኝም ብዬ እንዲጨምራት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የቀዳሁት ቅጂ አለ፤ እሷ የለችበትም፤ የፈለገ መጥቶ ይስማ። በሬው እንዴት እጁ እንደገባ ሽማግሌዎች ይጠይቁት፤ ያ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው። ሰው ግን አልገደለም።»

ሳይመን በሩን ከፍቶ ገብቶ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝራል፤ ጁባ መሆኑ ነው። አሉዌል አላየችውም። ጆሯቸው ላይ ሬዲዮ ያደረጉትን ሽማግሌ ነው የምታየው። ልጃቸውን እነማን እንደገደሉት ከሚያውቁት ሰዎች አንዷ አሁን እሷ ናት። ለአባትየው ደግሞ አገር በሚሰማው ሬዲዮ ውሸት እየነገረቻቸው ነው። ያመኗትም ስለማትዋሽ ነው።

«ይሄን አንዱን ካደረግኩ» አለች፣ «ሌሎቹንም ቅጂዎቼን እንግዲህ እንደፈቀዳችሁ አድርጋችሁ ስሟቸው።»

ማይኳን ዘጋች። በሁለት ማይኮች ፈንታ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ተላለፈ። ከዚያ የመዝጊያውን ከበሮ ለቀቀችው።

ከመንገዱ ማዶ ኩላንግ ሬዲዮውን ከጆሯቸው አወረዱ። ጎረምሶቹ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸው ግን ተነሡ። መንገዱን ተሻግረው ወደ ኒሙ ዛፍ መጡና ግንባራቸውን በበሬው ግንባር ላይ አሳርፈው ቆሙ። አምነዋት ይሁን ወይም እያሰቡ ይሁን፣ ጀርባቸው አይናገርም። ጎረምሶቹም ተነሥተዋል፤ ጠመንጃቸውን በእጃቸው ይዘው የሽማግሌውን ጀርባ እያዩ ይጠብቃሉ።

ማጃክ ዘፈኑን ጨረሰ። እጆቹን አወረደ፣ ዓይኑን ገለጠ። ላቡ በአመዱ ላይ ቦይ እየሠራ ይወርዳል። ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ እሷ ነው ያየው፤ በመስታወቱ በኩል በጣቱ ማይኩን አሳያት፣ በአፉም ጠየቃት።

አሉዌል የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር ከፍታ ወደ ስቱዲዮው ገባች።

«አየር ላይ ገባ?» አለ ማጃክ፣ እያለከለከ።

«ገባ።»

«ሁሉም?»

«አንድ ቃል ሳይቀር።»

ጥርሱ በአመዱ መሃል ብልጭ አለ። ወደ በሩ ሲራመድ አሉዌል እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው። መዳፏ አመድ ሆነ።

«አንተ ከኋላዬ ና» አለችው፤ ቀድማው ወደ መንገዱ ወጣች።